የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር የቆጠረብኝ ሰዓት

ወንድሜ ሮልፍ አቤት ያለብኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት ታሊያ ሚዛን ቤት ድረስ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

ታሊያ የፒናሩ እህል መቀበያ ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ ከልጄ ታንሳለች። እኔ በመከር ብቻ የምቀጠር የመኪና ሚዛን ሠራተኛ ነኝ። ከባድ መኪናው ገብሱን እንደጫነ መጥቶ ይቆማል፣ እመዝነዋለሁ፣ ጎተራው ጋ ሄዶ ያራግፋል፣ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ እመዝነዋለሁ። አስራ አንድ መከር ሠርቻለሁ። ክረምቱን ሁሉ የማሳልፈው ዘንድሮ ይጠሩኝ ይሆን አይጠሩኝ ይሆን እያልኩ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፣ ጉልበቴ አያቆመኝም፣ በዚህ ከተማ ደግሞ ተቀምጠው የሚሠሩት ሌላ ሥራ የለም።

"ሮልፍ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰለፍኩ ብሏል" አለችኝ።

"ቀንድ አውጣ ነዋ!" አልኳት። "አንዱ ይዞት የመጣው ገብስ ቀንድ አውጣ ብቻ ሆኖ ናሙና የሚያዩት ልጆች አንቀበልም አሉት። ሰውየው ደግሞ አልወጣም ብሎ መኪናውን መንገዱ ላይ ገተረው። እኔ ምን ላድርግ፣ ቀንድ አውጣውን ልብላለት?"

"እሱስ ይገባኛል፣ ዴስ። ግን በመስኮት ሳየው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር ብሏል።"

"ኪሎው የሚታየው የት ላይ ሆኖ ነው? ጣሪያው ላይ?"

ሳቅ አለች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ እኔ ከፍቼው የማላውቀውን ገጽ አወጣች። ይሄ ኮምፒውተር ለካስ ሰው ምን ሲሠራበት እንደዋለ ማንም ሳያዘው ራሱ ይመዘግባል። ሰማያዊ ዘንጎች ተደርድረዋል፣ በየቀኑ አንድ አንድ። ከሥር ሥራው በስም በስሙ ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን ሰዓቱ አለ።

"ማክሰኞ" አለችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "የሚዛኑ ፕሮግራም ሰባት ሰዓት ተኩል። ካርታ ጨዋታ አራት ሰዓት ከአስር ደቂቃ።"

"ምን ጨዋታ?"

"ካርታ። ሰኞም አለ፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። ያለፈው ሳምንትም አለ።"

"እኔ እዚህ ላይ ካርታ መኖሩንም አላውቅ።"

"ኮምፒውተሩ ካንተ ጋር ምን ጠብ አለው ታዲያ?" አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠላኝ ላስረዳት አልችልም። ትምህርት ቤት በአስራ አራት ዓመቴ ነው የወጣሁት፤ አባቴ ለእርሻው ትፈለጋለህ ብሎ አስወጣኝ፣ ኋላ እርሻውን ለሮልፍ ሰጠው። ለኔ ሞተር ብስክሌት ሰጠኝ። ይሄን ለታሊያ አልነገርኳትም። ከተማው ስለሚያውቀው ብነግራትም ይደብራት ነበር።

"ዓርብ ብሬት ይመጣል" አለችኝ። ብሬት ከመሬይ ብሪጅ ሆኖ የአካባቢውን መቀበያዎች ሁሉ የሚቆጣጠረው ሰው ነው። "እስከዚያ አስብበት። የምትነግረኝ ነገር ካለ ንገረኝ። ከሌለ ግን ሚዛኑ ላይ ላቆይህ አልችልም፣ ለሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ።"

ሄደች። የሚቀጥለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አረንጓዴውን መብራት ተጫንኩ።

ያን ቀን አርባ ሰባት መኪና መዘንኩ። በእያንዳንዱ መሃል ወደዚያ ገጽ እመለሳለሁ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ገደማ ካርታው አስራ ሁለት ደቂቃ ይላል። ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ሚዛን ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው፣ ከኔ ሌላ ሰው የለበትም። ተቀመጥኩና ሁለት እጆቼን ወደ ላይ አነሳሁ፣ የፖሊስ መሣሪያ እንደተደቀነበት ሰው። ቁልፍ አልነካሁም፣ ማውሱን አልነካሁም። መኪና ውስጥ ያለው ሾፌር በመስኮት አይቶኝ፦

"ዴሲ! ማን ማረከህ?" ብሎ ጮኸ።

"መዝኜሃለሁ፣ ሂድ!" አልኩት።

ገጹን ዘግቼ ስከፍተው ካርታው ሃያ አንድ ደቂቃ ሆኗል።

ሰው ሲፈራ የሚያስበው ሁሉ አንድ ቦታ ይሄዳል። የኔ ወደ ሮልፍ ነው የሚሄደው። የልጁ ልጅ አደሌድ ከተማ ኮምፒውተር ይማራል። ከሩቅ ሆኖ ገብቶበት ቢሆንስ አልኩ። ካፈርኩበት ነገር አንዱ ይሄ ነው፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ቁጭ ብሎ ካርታ ሲጫወት በዓይኔ ሳልኩት። ሙሉ ጠዋት ጠላሁት። ያ ልጅ ገና ስድስት ዓመቱ እያለ ዓሣ ማጥመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ሰዓት ላይ፣ ፔርሙሴን ከፍቼ እየጠጣሁ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደ ፊደል ቆጣሪ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከላይ ጥግ ላይ በትንንሹ "ሁሉም መሣሪያዎች" የሚል አለ። ነካሁት። ሁለት ስም ወጣ። አንዱ "ሚዛን ቤት"። ሁለተኛው "ዴስና ግሌኒስ"።

ፔርሙሴን አስቀመጥኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ኖቬምበር ላይ መከሩ በተከፈተ ቀን አዲሱ ኮምፒውተር ከነካርቶኑ ተቀምጦ አገኘሁት። ስከፍተው አካውንት አምጣ አለኝ። ታሊያ ሰርግ ሄዳ አደሌድ ናት፣ ስልኳ አይነሳም። ውጭ ሠላሳ መኪና ተሰልፏል፤ የመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ደግሞ አይጣል ነው፣ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት ቀን ናት። እዚህ አገር ያን ቀን ሰልፉ መሄድ አለበት፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የቤታችንን አካውንት አስገባሁ፤ ፐርዝ ያለው ልጃችን ፎቶ እልክበታለሁ ብሎ የከፈተልንን። ከፈተልኝ፣ መዘንኩ፣ ረሳሁት። ታሊያም ተመልሳ ሚዛኑ እየሠራ ስላየችው አልጠየቀችኝም። ለካስ ኮምፒውተሩ አካውንቱን እንጂ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው አያውቅም፤ የሁለቱን ቤት ሰዓት ደምሮ በኔ ስም ይጽፋል።

"ሚዛን ቤት" የሚለውን ስነካው ካርታው ጠፋ። ሁለተኛውን ስነካ ካርታው ብቻውን ቀረ። በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ከአርባ ገደማ።

ልቤ መጀመሪያ ደስ አላት። ማስረጃ አገኘሁ፣ ታሊያን ጠርቼ ላሳያት ነው። ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

ግሌኒስ ሚስቴ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ከአስራ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት። በጨለማ ተነስታ፣ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ መኪናዋን አስነስታ ከኔ በፊት ትወጣለች። ታዲያ በሦስት ሰዓት ተኩል ቤቴ ውስጥ ማን ነው የተቀመጠው?

ከዚያ በኋላ የመዘንኩትን መኪና አላስታውስም። አንዱን ባዶ መኪና የተጫነ ብዬ ልመዘግብ ስል ሾፌሩ ነው ያስቆመኝ። "ዛሬስ አየር ጭኜልሃለሁ" አለና ሳቀብኝ። ወደ ቤት ደወልኩ፣ አይነሳም። ገጹን ስከፍት ግን ካርታው እየቆጠረ ነው። ቤቴ ውስጥ ሰው አለ፣ ስልኩ ሲጮህ ይሰማል፣ አያነሳም፣ ይጫወታል። አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፤ የመጣልኝን አልጽፈውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያን በማሰቤ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ከሰሜን ተነሳ። ሙቀቱ አርባ ሦስት ደርሷል። እንዲህ ሲሆን የኮምባይነር ሞተር ሁሉ መጥፋት አለበት፣ አንድ ብልጭታ አገሩን ያነደዋል። ሬድዮው አቁሙ አለ፣ ሰልፉ ተበተነ። ታሊያ በር ላይ ብቅ ብላ "ሂድ አንተም፣ ዛሬ የሚመጣ የለም" አለችኝ። የሆነ ነገር ልትጨምር ፈልጋ ተወችው።

ቤቴ ስድስት ደቂቃ መንገድ ነው። የግሌኒስ መኪና መንገዱ ላይ የለም። ዞሬ ስገባ ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ከመንገድ እንዳይታይ፣ ተጠግታ ቆማለች። እጄን ሞተሩ ላይ አደረግኩ። የፀሐይ ሙቀት ይሁን የሞተር መለየት አልቻልኩም።

በኋላ በር ገባሁ። ግሌኒስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ብቻዋን ናት። ቀኝ እጇ ማውሱ ላይ ነው፣ ግራ እጇ ደግሞ የቀኝ አንጓዋን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ስታየኝ አልተነሳችም።

"ነፋስ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ነፋስ ነው" አልኳት። "አንቺስ?"

ግራ እጇን ከአንጓዋ ላይ አነሳችው። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሷ እንዳልሆነ።

"ኦክቶበር ላይ የሾርባ ድስት ለቀቅኩ" አለችኝ። "አጠገቤ ያለችው ልጅ እግሯ ተቃጠለ። ትንሽ ነው፣ ድናለች። ግን ዋናው ሐኪም እስኪያይሽ ቤት ተቀመጪ አሉኝ።"

"ኦክቶበር? ሰባት ሳምንት ሙሉ ልብስሽን ለብሰሽ እየወጣሽ?"

"ጠዋት ሐይቁ ጋ ሄጄ እቆማለሁ። አንተ ስትወጣ እመለሳለሁ።"

"ካርታውስ?"

"ካርታውን በማውሱ ይዤ ጎትቼ ቦታው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እጄ ደህና ቀን ከሆነ አንድ ጨዋታ ሳይወድቅብኝ ይወጣል። መጥፎ ቀን ከሆነ ካርታው መንገድ ላይ ያመልጠኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል። መንቀጥቀጡ ይጨምር ይቀንስ የማይበት ሌላ ነገር የለኝማ።" ስክሪኑን አየችው። "ትናንት አስራ ሰባቴ አመለጠኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ሆስፒታል በር ላይ ሄደህ ትጮህ ነበር። ክለቡ ላይ እንዳደረግከው።"

የእግር ኳስ ክለቡን ነው የምትለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሜዳውን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የዕድሜ ልክ አባላት ሰሌዳ ላይ ግን የሮልፍን ስም በወርቅ ቀለም ጽፈው የኔን ተዉት፤ በግብዣው መሃል ተነስቼ የሚባለውንም የማይባለውንም አልኩ። ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ግብዣ አልተጠራንም። ሁለታችንም።

"የኔን ፍርሃት ይዤ ያንተን ቁጣ ደግሞ መሸከም አቃተኝ፣ ዴስ" አለችኝ። "ሌላ ምንም አይደለም።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የታሊያን ነገር፣ የሰማያዊውን ዘንግ፣ የዓርቡን ነገር ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

"እኔ ነኝ ያስባረርኩህ ማለት ነው?"

"ገና አልተባረርኩም።"

"ንገራቸው። ሚስቴ ናት፣ ታማ ቤት ነው ያለችው በል። እኔ ምን አለብኝ? ንገራቸው አልኩህ።"

"እሺ" አልኳት። የምሬን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ብሬት መጣ። ንጹሕ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ከታሊያም የሚያንስ ልጅ ነው። የታሊያ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። መስኮቱ ወደ ሚዛኑ ነው የሚያየው፤ ነፋሱ ቆሞ ሰልፉ ተመልሷል፣ ከፊት ያለው ደግሞ የሮልፍ ቀይ መኪና ነው። ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ወደኛ ያያል።

"ዴስሞንድ" አለ ብሬት። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ የለም። "ጨዋታውን አንተ ነህ የተጫወትከው ወይስ ሌላ ማብራሪያ አለህ?"

ታሊያ ፊት ለፊቴ ናት። እጇ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላለች፣ ተናገር የምትል ትመስላለች። አፌን ከፈትኩ። ግሌኒስ ናት ልል ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ነገሩ ከዚህ ቢሮ ወጥቶ በሰልፉ ሲሄድ፣ ከመኪና ወደ መኪና በሬድዮ ሲተላለፍ ሰማሁት። የዴስ ሚስት ሰባት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ቀርታ እሱ አያውቅም ነበር። አብሯት እየተኛ። ሮልፍ ራሱን ሲነቀንቅ ታየኝ። ሚስቱ ያልነገረችው ሰው ከመባል ሰነፍ መባል ይሻለኛል አልኩ። ለሷ ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አይደለም። ንገር ብላኛለች እኮ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ካርታ ተጫውቻለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለች ታሊያ። ድምፅዋ ቀጠነ። "ዴስ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"ተጫወትኩ አልኩሽ እኮ። ፃፊው።"

ብሬት ጻፈ። ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው በሥራ ሰዓት መጫወት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በመመሪያው ቁጥር ጠቅሶ ነገረኝ። አንድ ወረቀት አስፈረመኝ፣ እጄን ጨበጠኝ። ከተቀመጥን አስር ደቂቃ አልሞላንም። ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ታሊያ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ በጥፊ እንደመምታት አድርጋ ዘረጋችው።

"ምን ሆነህ ነው? ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት! ማክሰኞ ካርታው በተቆጠረበት ሰዓት ሃያ ስድስት መኪና መዝነሃል። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይችልም። ይሄን ለብሬት ላሳየው ነበር፣ አንተ ብቻ ቤት ያለው ኮምፒውተር ነው ብትል ኖሮ!"

"ቤት ያለው መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"አካውንቱ የሁለታችሁ ነው፣ ግሌኒስ ደግሞ ቤት አይደል ያለችው?" አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ፊቴን አየችና ቀይ ሆነች። "ዴስ... ከተማው ሁሉ ያውቃል እኮ። ያ ድስት የወደቀ ቀን እናቴ ተረኛ ነበረች። አንተም የምታውቅ መስሎኝ ነው።"

"እንዴት ነው ከተማው አውቆ አንድ ሰው እንኳ የማይነግረኝ?"

"አንተን ለመንገር..." ብላ ተወችው። ጨርሺው ልላት ነበር፣ ፈራሁ።

"አሁን ብሬትን ልጥራው? ተሳስቷል ልበለው?"

"ፈርሜያለሁ" አልኩና ወጣሁ። ይሄኛው ኩራት ይሁን ድካም አላውቅም። አሁንም አሁንም አስበዋለሁ።

ሚዛን ቤት ገብቼ ፔርሙሴንና ባርኔጣዬን ይዤ ወጣሁ። መብራቱ ቀይ ነው። ሮልፍ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቆሟል፣ ከኋላው ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል። ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ፤ ያ መኪና ባይኖረውም ቁልቁል ነው የሚያየኝ።

"ወዴት ነህ? ማን ነው የሚመዝነኝ?"

"እኔ እንጃ።"

"ምን ማለት ነው እኔ እንጃ?"

"አባረሩኝ። አቤቱታህ ሠራልህ።"

ሞተሩን አጠፋ። ኋላ ያሉት ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ከመኪናው ወረደ፤ ሲወርድ ሽማግሌ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው፣ ሁለት ጊዜ አርፎ ነው መሬት የደረሰው።

"እኔ ሰልፉ ረዘመ ነው ያልኩት" አለኝ። "ከሥራ አስወጡት መቼ አልኩ? ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ፈዞ ነበር፣ የግሌኒስ ነገር ከብዶት ይሆናል፣ ሰው ጨምሩለት ነው ያልኳቸው።"

"አንተም ታውቃለህ?"

"ሄዘር አይደለች እንዴ መሬይ ብሪጅ ሐኪም ጋ ያመላለሰቻት።" ሄዘር ሚስቱ ናት። ከግሌኒስ ጋር ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ነበር የሚመስለኝ። "ሁለቴ ወስዳታለች። ግሌኒስ ራሴ እነግረዋለሁ ስላለች አፋችንን ዘጋን።"

የምሰድበው ስድብ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አርባ ዓመት የተዘጋጀ። ምኑን ከምን ላያይዘው? ጥሩምባው አሁን ያለማቋረጥ ይጮሃል። ታሊያ ከቢሮዋ ወጥታ ወደ ሚዛን ቤቱ ትሮጣለች፤ እሷ ልትመዝን ነው።

"ዋናው ሐኪም የሚያያት መቼ ነው?" አልኩት። ሚስቴ መቼ ሐኪም ጋ እንደምትሄድ ወንድሜን ጠየቅኩት። እዚያ ሰልፍ ፊት።

"ጃንዋሪ አስራ አራት፣ አደሌድ። አራት ሰዓት ላይ መድረስ አለባት። ሄዘር በሌሊት ትወስዳታለች፣ አንተ ሚዛኑ ላይ ስለምትሆን..." ብሎ አቋረጠው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ታሊያ በመስኮቱ እጇን ታወናጭፋለች፣ ውረዱ ትላለች፣ ሰው ቆሞበት ሚዛኑ አይሠራም።

"ለሄዘር እኔ እወስዳታለሁ በላት" አልኩት። ከሚዛኑ ወረድኩና ከሰልፉ በተቃራኒ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። አንዱ ሾፌር "ዴሲ፣ ስንቱን አሸነፍክ?" አለኝ በመስኮት። ሰምቼዋለሁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ግሌኒስ አሁን ጀምራ ይሆናል፤ ካርታው ሳያመልጣት ስንት ጨዋታ እንደምትጨርስ ለማየት ቶሎ መድረስ ፈለግኩ።